ካቻቢቴውም ላይ ይለጠፍ!

አንድ ድርጅት ሥራ መጀመሩን በምን ታውቃላችሁ? ሥራ ሲሠራ እንዳትሉኝ። ቲሸርት ሲያሳትም ነው። የቢሮው ቀለም ገና አልደረቀም፣ ኢንተርኔት አልገባም፣ ጸሐፊዋ የምትቀመጠው ከጎረቤት ቢሮ በተዋሰችው ወንበር ነው። ሎጎ ያለበት ፖሎ ቲሸርት፣ ካፕ፣ እስክሪብቶ፣ አጀንዳ፣ የውኃ ኮዳ፣ ቁልፍ መያዣና ማግ ግን በካርቶን በካርቶን ተደርድሯል። ያልመጣው ደንበኛ ብቻ ነው።

እኔ ሎጎ ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ቤቴ ካሉት ጃንጥላዎች አንዱንም በገንዘቤ አልገዛሁትም። የሚገርመኝ ነገሩ ማለቂያ ማጣቱ ነው። ድሮ በር ላይ ታፔላ ይሰቀላል፣ አለቀ ደቀቀ። አሁን ታፔላው ከበሩ ወርዶ ሰው ላይ ወጣ፤ ከሰው አልፎ ዕቃ ላይ ሰፈረ። ስቴፕለሩ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲ፣ የጥበቃው ወንበር፣ የመኪናው ትርፍ ጎማ ሽፋን ሳይቀር። አንድ ቢሮ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሎጎ የተለጠፈበት የሳሙና ማስቀመጫ አይቻለሁ። ሳሙና የለውም። ሎጎው ግን አምሮበታል።

ነገሩ የሚጠነሰሰው ስብሰባ ላይ ነው። የመጀመሪያው አጀንዳ፦ የድርጅታችን ቀለም ምን ይሁን? ቀላል ጥያቄ ይመስላል አይደል? አገሪቱ ውስጥ ከ30 በላይ ባንክ አለ። ኢንሹራንሱን፣ ማይክሮ ፋይናንሱን፣ ቴሌኮሙን ስትጨምሩበት ቀስተ ደመናው ተሸጦ አልቋል። ሐምራዊ ካላችሁ ንግድ ባንክ ይዞታል። ቀይ ካላችሁ ኮካ አለ። አረንጓዴ ካላችሁ ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ጀምሮ ጃንጥላውን ዘርግቷል። ሰማያዊና ነጭ ካላችሁ ደግሞ ሚኒባስ ታክሲ ትመስላላችሁ፤ ሰው «ሜክሲኮ ነው?» እያለ ይገባባችኋል። ቡኒ ተርፏል፤ ቡኒን ግን ሥራ አስኪያጁ አይወዱትም። ግማሽ ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀው «ያልበሰለ ሎሚ» በሚል ቀለም ላይ ይስማማሉ። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ይፈረማል። ሎሚው እስኪበስል ሌላ አጀንዳ አይነሳም።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ነው። የዚህን አገር የሎጎ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ከሰዓት መርካቶ፣ ከእነዚያ ጠባብ የማስታወቂያ ሥራ ቤቶች አንዱ ውስጥ ይቀመጥ። ልጁ ኮምፒውተሩ ፊት ነው። ኮረል ድሮው የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ተከፍቷል፤ ከጎኑ ፕሎተሩ ስቲከር እየቆረጠ ሲር ሲር ይላል። ደንበኛው ይገባል።

«ሎጎውን ይዘኸዋል?»

«አዎ፣ በቴሌግራም ልላክልህ።»

የሚላከው ስክሪንሹት ነው። ከላይ ሰዓቱ አለ፣ ባትሪው 14 በመቶ ይላል፣ ከታች ደግሞ አንድ ዘመድ የጻፈው «በርቱ» የሚል ኮሜንት በግማሹ ይታያል። ልጁ ሎጎውን ሲያተልቀው ፊደሉ ሁሉ ጥርስ ያወጣል።

«ኦሪጅናሉ የለም?»

«ኦሪጅናሉ የሠራልን ልጅ ጋ ነው። እሱ ደግሞ አሁን አሜሪካ ነው።»

በቃ፣ ከባትሪው ቆርጦ ከኮሜንቱ ቆርጦ እንደ አዲስ ይሥለዋል። ናሙናው ወጥቶ ሲታይ ያልበሰለው ሎሚ የበሰበሰ ሆኖ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ቀለሙን የሚያሳየው በብርሃን ነው፤ ጨርቁ ላይ የሚወርደው ግን ቀለም ነው፤ ሁለቱ ተስማምተው አያውቁም። ይሄን ለደንበኛ ማስረዳት የልጁ የዕለት እንጀራ ነው። ዋጋው ሲነገር ደግሞ ሌላ ጉድ። ስክሪን ፕሪንት ላይ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፍሬም ይዘጋጃል፣ ቀለሙ በበዛ ቁጥር ሥራውም ብሩም ይበዛል። «በአንድ ቀለም ቢሆንስ?» ይላል ደንበኛው። ይቻላል። ግማሽ ቀን የተጨቃጨቁበት ሎሚ እዚያች ደቂቃ ላይ ቀረ፤ ጥቁር በነጭ ሆነ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ ግን አንድ ነገር ይላል። ሁሉም ይሏታል፦ «ሎጎው ግን ትንሽ ይተለቅ።»

በሰኔ ከሄዳችሁ ደግሞ መቆሚያ ቦታም አታገኙም። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተነካ ብር መመለስ ነውር ነው። ዓመቱን ሙሉ «ለቶነር በጀት የለም» ሲባል የከረመው መሥሪያ ቤት ድንገት ካርቶን ካርቶን አጀንዳ ያሳትማል። አጀንዳው ሲታደል ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት ሊያልቅ ሁለት ወር ከጳጉሜ ነው የቀረው።

ቲሸርቱስ ቢሆን? የታላቁ ሩጫን አልነካም፤ ከ1994 ጀምሮ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ፣ ሮጦ፣ አልቦት በኩራት የሚለብሰው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግን ዕድሜው ይታወቃል። መጀመሪያ የምሥረታ በዓል ላይ ይለበሳል። ቀጥሎ የሌሊት ልብስ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ወለል ይወለውላል። ጀርባው ላይ የታተመው የድርጅቱ ራዕይ ያን ጊዜ በተግባር መሬት ወረደ ማለት ነው።

ቢሮ እንኳ ይሁን፤ እስክሪብቶ ሰው አይገድልም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ፍቅር ሳይትና ወርክሾፕ ሲገባ ነው። እዚያ ቀለም ሥራ አለው። በብዙ የግንባታ ሳይት ነጭ ሄልሜት መሐንዲሱና ኃላፊው ናቸው፣ ቢጫው የቀን ሠራተኛው ነው፤ ከሩቅ ሲታይ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። መሣሪያውም እንዲሁ። ቦሽ ለባለሙያ የሚሠራውን ሰማያዊ፣ ቤቱን ራሱ ለሚጠጋግን ሰው የሚሠራውን አረንጓዴ ያደርጋል። ሂልቲ ቀይ ነው፣ ዲዋልት ቢጫና ጥቁር። (መርካቶ ቀለሙ ብቻ ትክክል በሆነ መሣሪያ መሞላቱን ለጊዜው እንለፈው።) ታዲያ የማርኬቲንግ ክፍሉ ይመጣና «ሁሉም በእኛ ቀለም ይሁን» ይላል። የሄልሜት አምራቾች አንዳንድ ቀለምና ማጣበቂያ ውስጥ ያለው ኬሚካል ፕላስቲኩን ሊያዳክመው እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ፤ ማን ያነባል? መመሪያው ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል። ይሄም ሄልሜት የታደለበት ሳይት ነው። ስንትና ስንት ቦታ ለሠራተኛው የሚሰጠው ካፕ ነው። ካፕ! ከአምስተኛ ፎቅ ብሎኬት ሲወርድ ሎጎው ይመክትለት ይሆናላ።

አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሺያን አለ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ጥቅል ስቲከር አምጥቶ «ሁሉም መሣሪያ ላይ ይለጠፍ» አለው። ካቻቢቴውም ላይ? ካቻቢቴውም ላይ! ለጠፈ። የካቻቢቴ እጀታ ቀኑን ሙሉ የሚጨበጥ ነገር ነው፤ በላቡ ተላጠና ግማሹ መዳፉ ላይ ቀረ። የድርጅቱን ስም ግማሽ መዳፉ ላይ ይዞ፣ ሰው በጨበጠ ቁጥር ሲያስተዋውቅ ዋለ። ፒንሳው ላይ ግን ከድሮ ጀምሮ ቀይ ናስትሮ አለ። ሦስት ዙር የተጠመጠመ፣ ጫፉ እንዳይላቀቅ በላይተር ለብለብ የተደረገ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ይቺን ያነሳ ሰው የእኔን እንዳነሳ ይወቅ» አለኝ። ፒንሳዋ እስካሁን አለች። ሎጎ የተለጠፈባቸው ካቻቢቴዎች ግን አንድ በአንድ ተሰውረዋል፤ ማን እንደወሰዳቸው ባይታወቅም የማን እንደነበሩ ይታወቃል።

ድርጅቱ የራሱን ዕቃ ለጥፎ ሲጨርስ ወደ ሰው ዕቃ ይዘምታል። የሊስትሮው ጃንጥላ የባንክ ነው። ባንኩ ለዚያ ልጅ ያለ መያዣ የሰጠው ብቸኛ ነገር እሷ ጃንጥላ ሳትሆን አትቀርም። የሱቁ ፍሪጅ የለስላሳ ድርጅት ነው፤ ውስጡ ግን ያለው ቅቤ፣ የሌላ ድርጅት ውኃና የባለሱቁ ምሳ ነው። ባለሱቆችን የማደንቃቸው ለዚህ ነው። ከከተማ ወጣ ስትሉ ደግሞ የእጅ ፓምፕ ታገኛላችሁ፣ ከጎኑ ረዘም ያለ የብረት ታፔላ። የለጋሹ፣ የአጋሩ፣ የአስፈጻሚው፣ የወረዳው አርማ ተሰልፏል። ብዙ ለጋሾች ስማቸው እንዲታይ ውላቸው ላይ ስለሚጽፉ ለታፔላው በጀት አለው። ለፓምፑ ጎሚኒ ግን የለውም። ጎሚኒው ያለቀ ዕለት ፓምፑ ቀጥ ይላል፣ ታፔላው ግን ንቅንቅ አይልም። ፍየሎች ጀርባቸውን ያኩበታል፤ ተጠቃሚ የለውም እንዳይባል።

ዕቃ ላይ ምልክት ማድረግን እኮ ድሮም እናውቅበት ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ገልብጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በነጭ የዘይት ቀለም፣ በተንጋደደ እጅ የተጻፈ ቁጥር አለው። በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኝ የገባ፣ በሞዴል 22፣ በወጪው ደረሰኝ የወጣ ወንበር ነው፤ አንድ እግሩ ቢሰበር እንኳ ቆጠራ ሲመጣ ይፈለጋል። እናቶቻችን ደግሞ ለሠርግ ዕቃ ሲያውሱ ከሲኒ ማስቀመጫው ሥር ጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጉበታል። ቀዩ የእኛ፣ ሮዙ የማዶዋ፣ ነጩ የእትዬ የጓሮዋ። ድግሱ አልቆ ዕቃ ሲታጠብ ሴቶቹ ተሰብስበው እየገለበጡ ይለያሉ፤ አንዲት ሲኒ ብትጎድል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። የማንም ዓይን እንዲያየው አይደለም፤ ዕቃው ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው።

የሁሉም የበላይ ዕድር ነው። ድስቱ ሆድ ላይ፣ ወንበሩ ጀርባ ላይ፣ ጭልፋው እጀታ ላይ ሳይቀር የዕድሩ ስም በቀይ ቀለም አለ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አንድ ባንክ ለሰፈራችን ዕድር ድንኳን የሰጠው። ጥሩ ድንኳን ነው፣ ዝናብ አያስገባም። ሎጎው ሦስቱም ጎን ላይ ጎልቶ አለ፣ ከሥሩ «ነገዎን ከእኛ ጋር ያሳምሩ» የሚል መፈክር። ድንኳኑ የተመረቀው ለቅሶ ላይ ነው። ሬሳ ወጥቶ፣ ሰው ደረት እየመታ፣ ከራሳችን በላይ «ነገዎን ያሳምሩ»። አልቃሿ እንኳ ቀና ብላ አንብባ ዜማው ጠፋባት።

የዕድሩ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ድንኳኑን እንመልስ ያለ የለም፤ በነፃ የመጣ ዕቃ የሚመልስ ዕድር አላየሁም። ቀይ ቀለምና ብሩሽ አስመጡና የዕድሩን ስም ሎጎው ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ ጻፉበት። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ቦታ አጥሯቸው ወደ ታች ታጠፉ፣ ቀለሙም መፈክሩ ላይ ተንጠባጠበ። በሳምንቱ ከባንኩ የማርኬቲንግ ልጅ መጣ፤ ከረባት አስሮ፣ ሎጎ ያለበት ካፕ አድርጎ፣ ፎቶ ሊያነሳ። ሲያየው ክው አለ።

«አባባ፣ ሎጎአችንን እኮ ሸፈናችሁት!»

የዕድሩ ሰብሳቢ ድንኳኑን አዩ፣ ልጁንም አዩት። «ልጄ፣ የእናንተ ስም ብቻ ካለበት፣ ቢጠፋ ያገኘው ሰው የት ሊወስደው ነው? ባንክ ሊያስገባው ነው?»

ልጁ ዝም አለ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ወደ ካፑ አነሱ።

«ይልቅ እንዲህ ያለ ካፕ ትርፍ የላችሁም? መቃብር የሚቆፍሩት ልጆች ፀሐዩ አስቸግሯቸዋል።»

ካፖቹ በካርቶን መጡ። ቀዩም ቀለም ግማሽ ጣሳ ያህል ተርፎ ነበር።