ቀለም አልባ ኩቴክስ በባዮሎጂ ክፍል፦ ይግባ ወይስ ይቅር?

የክርክሩ ነጥብ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የቅጠል ስቶማታን (አየር የሚገባባቸውንና የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች) ለማሳየት ቀለም አልባ ኩቴክስ ይጠቀሙ?

ደጋፊ፦ ይጠቀሙ! ሙሉ ቅጠል ብርሃን በደንብ ስለማያሳልፍ እንዳለ ማይክሮስኮፕ ሥር ቢገባ ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ኩቴክስ ግን የገጹን ቅርጽ ቀድቶ ይወጣል። የቡና ቅጠል ለዚህ ይመቻል፤ ስቶማታ ያለው በታችኛው ገጹ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ገጾች ማወዳደር ይቻላል። የቅጠሉን ገጽ ከእርጥበት አድርቁና አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል በስሱ ቀቡ። 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ግልጽ ስኮች ለጥፉበት፣ በዝግታ ላጡና ስላይድ ላይ ለጥፉት። በ100 እጥፍ ፈልጉ፣ በ400 እጥፍ ቁጠሩ። የዓይን ሌንሱ ላይ 10×/18 ተጽፎ ከሆነ በ400 እጥፍ (በ40 እጥፍ የናሙና ሌንስ) የሚታየው ክብ ዲያሜትሩ 18 ለ40 ሲካፈል፣ ማለትም 0.45 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቆጠራችሁትን በ6.3 ስታባዙ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ስንት ስቶማታ እንዳለ ታገኛላችሁ።

ተቃዋሚ፦ አሠራሩ ልክ ነው። ግን ተማሪው ምን አየ? ሕይወት የሌለው ቅርጽ! ቀዳዳውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው የሚከፍቱትና የሚዘጉት ጠባቂ ሴሎች ውስጥ ያለውን ክሎሮፕላስት (አረንጓዴውን የሴል አካል) አያይም፣ ስቶማታው ሲዘጋም አያይም። የባቄላ ቅጠል አምጡ፤ በታችኛው ገጹ በኩል ያለው ስስ ቆዳ በወረንጦ በቀላሉ ይላጣል። በውኃ ጠብታ ላይ ዘርግታችሁ በመሸፈኛ መስታወት ክደኑት። ከዚያ 5 ግራም ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ በጥብጡና በአንዱ ጠርዝ ጠብ አድርጉ፣ በሌላው ጠርዝ ውኃውን በሶፍት ሳቡ። ጠባቂ ሴሎቹ ውኃ አጥተው ሲሟሽሹ ቀዳዳው ይዘጋል። ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ የለም፣ የሚሸት ነገርም የለም።

ደጋፊ፦ የባቄላውን ውበት አልክድም። ነገር ግን የቡናና የበቆሎ ቅጠል እንደ ባቄላ አይላጥም፤ ታዲያ ተክልን ከተክል በምን እናወዳድር? የተላጠ ቆዳ ውኃው ሲደርቅ ያበቃለታል፣ የኩቴክሱ ቅጂ ግን ተቀምጦ ነገም ይቆጠራል።

ተቃዋሚ፦ በትክክል ከተሠራ! ተማሪ አወፍሮ ይቀባል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ስለሚቀር ሲላጥ ይለጠጣል። ቅጠሉ እርጥብ ከነበረ ሽፋኑ ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። እንደ ዱባ ያለ ፀጉራም ቅጠል ከሆነ ደግሞ ፀጉሩ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ጥርት ያለ ቅርጽ አይወጣም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሳቱ ነው፤ ማሟሟቻው ኢታይል አሲቴት ተኑ ከዜሮ በታች ባለ ሙቀት እንኳ እሳት ይይዛል። የአልኮል መብራት በሚነድበት ክፍል ጠርሙሱ አይከፈት።

ደጋፊ፦ በዚህ እስማማለሁ፦ መስኮት ይከፈት፣ መብራት ይጥፋ፣ ጠርሙሱ አንድ ብቻ ሆኖ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የመሸፈኛ መስታወትን ጠርዝ በኩቴክስ ማሸግም ለኩሬ ውኃ ናሙና ይቅር፤ ማሟሟቻው ሰርጎ ሕይወት ያላቸውን ይገድላል፣ ያልደረቀው ደግሞ የ40 እጥፉን የናሙና ሌንስ ይነካል። ለዚያ በስሱ የተቀባ ቫዝሊን ይበቃል። ቆጠራውን ግን ለኩቴክስ ተዉለት።