ጅዳ ስንት ይርቃል? ከየት ተነስቶ?

ባለፈው ሰሞን ደሴ ፒያሳ አንድ ትኬት ቢሮ ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት ገቡ። ልጃቸው ጅዳ ልትሄድ ነው። «ለመሆኑ ስንት ይርቃል?» አሉ። ትኬት ሻጩ ጎረምሳ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አብሽሩ እማማ፣ 1,413 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቅርብ ነው» አላቸው።

እሳቸው ትንሽ አሰብ አደረጉና «ከዚህ ነው ከአዲስ አበባ?» አሉት። ልጁ መልስ አጣ።

ስልኩ አልዋሸም፤ የነገረው ግን ከአዲስ አበባ ቦሌ ያለውን ነው። እንዲህ ያለው ማስሊያ የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይወስድና፣ ምድርን ሬዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ድቡልቡል አድርጎ፣ በገጿ ላይ አጭሩን ቅስት ይለካል። ቅስት በመሆኑም ግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ ከምናሰምረው ጋር አይገጥምም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩ መስመር፣ ዋሽንግተን ካለችበት 39ኛ ዲግሪ አልፎ እስከ 45ኛው አካባቢ ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ ነው የሚመለሰው።

ከእኛ ደጅ ጅዳን ለመለካት ግን ስልክም አያስፈልግ። የደሴ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ኮምቦልቻ 11.1፣ የጅዳው ማረፊያ 21.7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው፤ በኬንትሮስ የሚለያዩት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ 10.6ን በ111 ያባዛ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ 1,177 ያገኛል። ከኮምቦልቻ አስላ ቢሉት ስልኩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። (ማስሊያው ላይ «ደሴ» ብላችሁ ብትጽፉም የሚመጣላችሁ ያው የኮምቦልቻው ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ቁልቁል።)

ችግሩ የወሎ ልጅ ከኮምቦልቻ ቀጥታ ጅዳ አይበርም። ሌሊት ተነስቶ በከሚሴ፣ በጣርማ በር፣ በደብረ ብርሃን አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሄዳል። ኪሱ የፈቀደለት ከኮምቦልቻ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በአየር። ከዚያ ያንኑ ወደ ሰሜን ይመለሳል! ከቦሌ ጅዳ ቀጥታ ቢሰመር፣ መስመሩ ላስታን አቋርጦ ከላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ነው የሚያልፈው። አብራሪው በአየር ክልልና በአየር ጠባይ ምክንያት ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል፤ ያም ሆኖ መንገደኛው ወደ ኋላ ተጉዞ የቤቱን ኬክሮስ እንደገና የሚያልፍ መሆኑ አይቀርም።

ነገ ኮምቦልቻ ዓለም አቀፍ ማረፊያ ትሁን አልልም። ጉምሩኩ፣ ኢሚግሬሽኑ፣ የመንገደኛው ብዛት ሌላ ሒሳብ ነው። ግን ትኬት ሻጩም፣ ደላላውም፣ የጂኦግራፊ መምህሩም ርቀት ሲነግሩን ከደጃችን ይጀምሩ እንጂ ከቦሌ አይጀምሩ። ለደሴ ሰው ጅዳ 1,413 አይደለም፤ በመኪናና በአውሮፕላን 1,800 ነው።

ይህንኑ እዚያው ወረፋ ላይ ለእናትየው ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጎረምሳው ዞሩና፣ «የአዲስ አበባውን የመኪና ሒሳብስ ጨምረህበታል?» አሉት።