ክቡራትና ክቡራን፣ ወተቱ ተበላሸ

እኛ ሰፈር ሰው ብድር ሊጠይቅህ ሲመጣ እንኳን መጀመሪያ ያንተን ጤና፣ ከዛ የልጆቹን፣ የእናትህን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ጠይቆ አቦልና ቶናው ተጠጥቶ በረካው ላይ ሲደረስ ነው "እንደው አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር" የሚለው። ጥሩ ባህል ነው፣ እኔም እንደዛ ነው የምበደረው። ችግሩ ይሄንኑ ይዘን የስታርታፕ ፒች ውድድር (አዲስ የንግድ ሃሳብህን ባጭሩ አቅርበህ ባለገንዘብ የምታሳምንበት) መግባታችን ነው፣ እዛ ደግሞ የሚሰጥህ 5 ደቂቃ ነው በቃ።

ባለፈው ደሴ አንድ አዳራሽ ቁጭ ብዬ አንዱን ልጅ አየሁት። ሃሳቡ አሪፍ ነው፣ ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ወተት ሰብስቦ በማቀዝቀዣ ኮምቦልቻ ማድረስ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ተራራ ላይ ሆና ትንቀጠቀጣለች፣ ኮምቦልቻ ከስሯ ወርዳ ትወብቃለች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ ሹራብ የሚያስወልቅህ ሙቀት ወተቱንም ያበላሸዋል። አለቀ፣ ፒቹ ይሄው ነው። "ጠዋት ጦሳ ተራራ ስር የታለበ ወተት ኮምቦልቻ ሲደርስ ተደፋ፣ ይሄን ለማስቆም ይሄን ያህል ብር እፈልጋለሁ" ቢል ዳኞቹ ስልካቸውን ያስቀምጡ ነበር።

እሱ ግን "ክቡራትና ክቡራን፣ ከሁሉ አስቀድሜ" ብሎ ጀመረ። ፈጣሪን አመሰገነ፣ ቤተሰቡን አመሰገነ፣ ማይክ ያስተካከለለትን ልጅ ሳይቀር አመሰገነ። ሁለተኛው ስላይድ ላይ ኢትዮጵያ በከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ መሆኗን አበሰረን፣ ሦስተኛው ላይ ንጉሥ ሚካኤል ለግብር ማብሊያ ያሠሩት የደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ፎቶ መጣ (ከወተቱ ጋር ምን እንዳገናኘው እንጃ፣ ግብር ላይ አይብ ቀርቦ ይሆናል)። "ችግሩ" የሚለው ስላይድ ብቅ ሲል ደወሉ ተደወለ።

ድሮ አፕል ቤት ማኪንቶሽን ሲያስተዋውቅ የነበረው ጋይ ካዋሳኪ ፒች ከ10 ስላይድና ከ20 ደቂቃ አይለፍ፣ ፊደሉ ከ30 ፎንት አይነስ ይላል። የኛ ልጅ ፎንት እንኳን ከኋላ ወንበር፣ ፕሮጀክተሩ ራሱ የሚያነበው አይመስለኝም።

ሌላዋ ደግሞ በጥያቄ ጀምሪ ተብላ ነው መሰለኝ "ስንቶቻችሁ ናችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ በቀጠሮው ያልደረሰላችሁ?" አለች። ግሩም አጀማመር! ግን እኛ አገር ስብሰባ ላይ ጥያቄ እንደዋዛ አይጠየቅም፣ አንድ አባት ተነስተው ማይክ ተቀበሉና "አስተያየት ቢጤ አለኝ" ብለው የኮታቸውን ታሪክ ከጨርቁ ግዢ ጀመሩ። ደቂቃዋ እሳቸው ላይ አለቀች፣ ኮቱ ግን እስካሁን አልደረሰም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የደሴ ምርጥ ፒች ያለው መናኸሪያ ነው። ረዳቱ "ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ፣ አንድ ሰው የቀረው!" ይላል። ምን እንደሚሸጥ፣ የት እንደሚያደርስህ፣ ለምን አሁኑኑ መግባት እንዳለብህ በአንድ ትንፋሽ፣ ስለ ትራንስፖርት ታሪክ መግቢያ የለ ምን የለ። አንድ ሰው ሲል አራት ወንበር ባዶ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን የሽያጭ ፕሮጀክሽን (ትንበያ) ይባልለት ነበር።

ከሱ የተማረም አልጠፋም። የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሰላም እንኳን ሳይል "አንድ ኢንቨስተር ነው የቀረን!" ብሎ ገባ፣ አዳራሹ ነቃ። ዳኛዋ መነፅራቸውን ዝቅ አድርገው "ሌሎቹ እነማን ናቸው የገቡት?" ሲሉት ልጁ አላመነታም።

"ማዘር፣ እርሶ ይግቡ እንጂ ይሞላል!"