ያድግበታል

እኛ ቤት ልብስ የሚገዛው አሁን ላለው ልጅ አይደለም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚደርሰው ልጅ ነው። እኔም ያደግሁት እንዲያ ነው። አንዱ የእንቁጣጣሽ ሱሪ እግሩ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ፣ በየዓመቱ አንድ እጥፋት እየተፈታለት ከአራተኛ ክፍል ሰባተኛ አድርሶኛል። እናቴ ሱቅ ስትገባ ከሰላምታ በፊት የምትለው አንድ ነገር ነበር። «ሰፋ ያለ የለህም? ያድግበታል።»

ይህን ስንቱን ያሳደገ ጥበብ ያከሸፈው የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው።

ትልልቆቹ ክለቦች በየዓመቱ ሦስት ማሊያ ያወጣሉ። የሜዳቸው አለ፣ ከሜዳ ውጪ የሚለብሱት አለ፣ ደግሞ «ሦስተኛ» የሚባል አለ። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ማሊያ ብገዛለትና ጠብቆ ቢያድግበት፣ አርሰናል እስከዚያ 12 ማሊያ ቀይሯል።

የሚመጡበት ጊዜ ደግሞ! ሊጉ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። ነሐሴ ለአዲስ አበባ ወላጅ ምን እንደሆነ ለማንም አልነግርም። ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ፣ ከዚያ የበዓሉ ዶሮ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. እንኳ መቅደላ የደረሱት በሚያዝያ ነበር። በነሐሴ አልመጡብንም።

ባለፈው ነሐሴ ልጄን ይዤ ስታዲየም አካባቢ አንድ የስፖርት ትጥቅ መሸጫ ገባሁ። ባለሱቁ ገና ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ታይላንዱን ነው ኖርማሉን?»

እኔ የማውቀው አርሰናል የለንደን መሆኑን ነው። «ልዩነቱ ምንድነው?»

«ታይላንዱን ይንኩት እስቲ፣ ጨርቁን።»

ነካሁት። «ኖርማሉስ?»

«ኖርማሉን አይንኩት።»

ታይላንዱ ከነቁምጣው 1,800 ብር ተባለ። ካልሲው ለብቻ። ጀርባው ላይ ስምና ቁጥር ማስለጠፊያ ለብቻ። ተከራከርኩ፣ ወጣሁ፣ እንዲጠራኝ ቀስ ብዬ ተራመድኩ። አልጠራኝም። ልጄ ከሱቁ ስላልወጣ ተመለስኩ። ቢያንስ ሰፋ ያለውን ልውሰድ ብዬ ትልቁን አስለካሁት። ጉልበቱ ጋ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ቀሚስ ሆነበት እኮ!»

«ያድግበታል» አልኩ በእናቴ ድምፅ።

ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። «አባዬ፣ ሳካ እስከዚያ ይቆያል?»

ዝም አልኩ። የአርሰናል አጥቂ የነበረውን ቫን ፐርሲን ያየ በሳካ ምን ይላል? ያኔ ከደሞዜ ቆርጬ ጀርባው ላይ 10 ቁጥር ያለበት ማሊያ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ሰውዬው ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። መግባቱ ሳያንስ በዚያው ዓመት በሊጉ 26 ጎል አግብቶ ዋንጫ አነሳላቸው። ስሙን በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። ግን ከስሙ ሥር የነበረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ከሌላው ይበልጥ ቀይ ነበር። ስሙ ከበፊቱ ደምቆ ቀረ! አሁን ባለቤቴ መስኮት ትወለውልበታለች። እሷም የአርሰናል ደጋፊ ስለሆነች በርትታ ነው የምትወለውለው።

ቤት ስንደርስ እናቴ ልጁን አዙራ አዙራ አየችው። «ደረቱ ላይ ምን ይላል?»

«የኤምሬትስ አየር መንገድ ማስታወቂያ ነው።»

«ክንዱ ላይስ?»

«ሩዋንዳን ጎብኙ።»

«ታዲያ ስንት ከፈሉት?»

«እኛ ነን የከፈልነው፣ እማዬ።»

አማተበች። ልጁ ከሱሉልታ አልፎ አያውቅም።

ርካሽ መንገድ አልሞከርኩም እንዳትሉኝ። የብሔራዊ ቡድናችንን ማሊያ አሳይቼዋለሁ። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን እንደወሰድን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ እንደተቀበለ፣ እጄን እያወራጨሁ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና «ፕሌይስቴሽን ላይ አሉ?» አለኝ።

ማታ ንዴቴን ለማብረድ የዚህን ነገር ጀማሪ ፍለጋ ገባሁ። ድሮ የክለብ ማሊያ ማለት ቀለም ነበር። ሊድስ ነጭ ከለበሰ ማንም እናት ለልጇ ነጭ ካናቴራ ገዝታ ትገላገላለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግን አድሚራል የሚባል የሌስተር ኩባንያ ከሊድስ ጋር ተዋዋለና ዲዛይኑን የራሱ አደረገው። ምልክቱን ለጠፈበትና ለልጆች መሸጥ ጀመረ። በቃ፣ ነጭ ካናቴራ ነጭ ካናቴራ ብቻ ሆኖ ቀረ። ፈረንጁም አባት ቢሆን አልቀለለውም ለካ። እዚያ የአዋቂው ማሊያ 80 ፓውንድ ግድም ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የእንግሊዝ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የማሊያ ዋጋ እንዳይወርድ ተመሳጥረዋል ያላቸውን ክለብና ነጋዴዎች በድምሩ 18.6 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቷቸዋል። ክለቡ ማን እንደሆነ ሳነብ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ማንቸስተር ዩናይትድ። ባለቤቴን ቀስቅሼ ነገርኳት።

ማሊያው መጀመሪያ ሲታጠብ ሳካ ከሚለው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኤሷ ተላጠች። «አካ» ቀረ። የሰፈር ልጆች አሁን ልጄን የሚጠሩት አካ ብለው ነው። ኤሷን በሱፐር ግሉ መለስኳት፤ ትንሽ ተንጋደደች። ማሊያው ከጉልበቱ አራት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። እያደገ ነው ማለት ነው።

ትናንት እራት ላይ ስልኬን አንስቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ።

«አባዬ፣ አዲሱ ወጣ።»

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «እንዴ! ያው ቀይ አይደለም?»