ቤቱ ቢፈርስም ግቢው አልፈረሰም

ሰሞኑን ስለ አዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ፣ የመኳንንት ቤት አንዴ ከፈረሰ ቅርስነቱም አብሮት ያበቃል፣ ፎቶውና ፕላኑ ተይዟል፣ ከሥሩ የቀረው አፈርና ቆሻሻ ነው አሉ። ተጨበጨበላቸው። እኔን ግን ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ፎቶው ተይዟል እንበል። ፎቶው የሚያሳየን ምንድን ነው? ሰገነቱን፣ የእንጨት ደረጃውን፣ በረንዳው ላይ ካባቸውን ደርበው የቆሙትን ጌታ። ማድ ቤቱን ማን ፎቶ አነሣው? ጠጅ ቤቱን፣ የፈረሶቹን በረት፣ ሎሌዎቹ የሚያድሩበትን ጎጆስ? የደጃዝማቹ ሹመትና ሽልማት ተጽፎ ተቀምጧል። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ያረጀችው ገረድ ግን ስሟ የትም የለም። ከዘመቻ ተማርኮ መጥቶ እንጨት ሲፈልጥ የኖረው ባሪያም እንዲሁ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በእነዚህ ግቢዎች የኖረው ሕዝብ ትቶልን የሄደው የወጥ ድስቱን ስባሪ፣ የበላውን አጥንትና የምድጃውን አመድ ብቻ ነው። ኃላፊው ቆሻሻ ያሉት ይህንን ነው!

አክሱም የሄደ ሰው ዱንጉርን ያውቀዋል። አስጎብኚዎች የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይሉታል። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆፍሮ ያወጣው ግን ሃምሳ ያህል ክፍሎች ያሉትን የአንድ ትልቅ መኳንንት መኖሪያ ነው፤ ሳባ ኖረችበት ከሚባለው ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተሠራ። ማድ ቤቱ ከነጡብ ምድጃው ተገኝቷል። ያ ቤት አንፍሬ ሲደርስበት ፈርሶ፣ አፈር ለብሶ ስንት መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። የፈረሰ ቤት ቅርስ አይደለም ከተባለ ዱንጉርም ቅርስ አይደለም፤ አክሱም በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበችውም በስህተት ነው ማለት ነው።

ከዱንጉር ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ታዕካ ማርያም የሚባል የጥንት ቤት ፍርስራሽ ነበር። ነበር ነው የምለው። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን ጥቂት ወራት ቆይቶ ቆፈረው፣ ለካው፣ ንድፉን አነሣ። ርዝመቱ 120 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ ሕንፃ ነበር። ከዚያ ጣሊያን ገባ፤ በወረራው ዘመን መንገድ ሲሠራ በላዩ ላይ አቋርጦ አብዛኛውን አጠፋው። እንግዲህ ፎቶውና ፕላኑ ተይዟል ማለት ይህ ነው! ፕላኑ ዛሬም በእጃችን አለ። የቤቱ ሰዎች ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቁት፣ አይመልስም። መቼ ተሠራ? አይመልስም። ከምድጃ የተገኘ ከሰል ዕድሜውን በላቦራቶሪ ይናገራል፤ ሊትማን በቆፈረበት ጊዜ ግን ይህ ዘዴ ገና አልተፈለሰፈም። ዘዴው ሲመጣ ከሰሉ በመንገድ ሥራው ተዝቆ ሄዶ ነበር። ያንን ያደረገው ወራሪ ነው። ዛሬ በገዛ ከተማችን ያንኑ የምናደርገው እኛ ነን፣ ያውም እያጨበጨብን።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ክርክራችን ሁሉ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ ነበር፤ እኔም ከተሟገቱት አንዱ ነበርኩ። ስለ ግቢው መሬት ትንፍሽ ያለ ሰው አልሰማሁም። ይህቺ ከተማ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የተተከለችው በመኳንንት ሰፈር ነው፤ ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ እያልን ታክሲ የምንጠራባቸው ስሞች የእነዚያ ግቢዎች ስሞች ናቸው። ቤቶቹ ሲሄዱ የሚቀረን መሬቱ ነው።

ከተማዋ መንገድና ፎቅ ያስፈልጋታል፤ ይሠራ፣ ብቻ መጀመሪያ ግቢው በአርኪዮሎጂስት ይቆፈር። ጊዜ የለም የሚለውን ግን አልቀበልም። የፈረሱ ግቢዎች ለወራት በቆርቆሮ ታጥረው ባዶ ሲቀመጡ በየቀኑ እያየን ነው። ለአራት አርኪዮሎጂስቶችና ለአሥር ቆፋሪዎች ሦስት ሳምንት ጠፍቶ አይደለም። ሕጉም አለ፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለሕንፃም ሆነ ለመንገድ ሲቆፍር ቅርስ ያገኘ ሁሉ ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ እንዲያሳውቅና ያገኘውን ባለበት እንዲጠብቅ ያዛል። ነገር ግን ቆሻሻ ነው ተብሎ የተነገረው የስካቫተር ሹፌር ምን ብሎ ያሳውቃል?

ባለፈው ቅዳሜ ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ በአጥሩ ቀዳዳ ውስጡን አየሁ። ስካቫተሩ ለመሠረት የቆፈረው ጉድጓድ ቀይ አፈሩ ላይ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክንድ የሚሞላ ጥቁር መስመር ይታያል። አመድ ነው። ከመሃሉ የገንቦ አንገትና የከብት መንጋጋ ብቅ ብለዋል። ጥበቃው «ምን ታያለህ ጋሼ?» አለኝ። ማድ ቤት አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየና «እውነትም» አለ። እሱ በአንድ አፍታ አይቶታል። ብረቱ ታስሮ አልቋል፣ ኮንክሪቱ ግን ገና አልተሞላም፤ ከባለሥልጣኑ አንድ ሰው ነገ ጠዋት ቢሄድ ይደርሳል።