ፍየል የጎተተው ፎቶ ቤት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ፎቶ ላይ አፍጥጬ ነው የከረምኩት። በረዶ የለበሰ ዳገት አለ፣ ከስሩ እስከ አናቱ ሰው እንደ ጉንዳን ተሰልፎበታል፣ ፊት የሚባል ነገር የለም፣ ጀርባና ሸክም ብቻ። ቦታው ቺልኩት ይባላል፣ ከአላስካ ወደ ካናዳ የሚያሻግር ዳገት ነው፣ ዘመኑ በፈረንጅ 1898፣ ሰዎቹም የሚሄዱት ዳውሰን ወደምትባል የወርቅ ከተማ ነው።

ነገሩ የጀመረው እኛ አድዋ ላይ ጣሊያንን በሸኘንበት በ1896 ነው፣ ነሐሴ ላይ ክሎንዳይክ ከሚባል የካናዳ ወንዝ አጠገብ ካለ ጅረት ወርቅ ተገኘ። ወሬው ግን ሲያትልና ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው በአመቱ ወርቅ ከጫኑት መርከቦች ጋር ነው፣ ከዛማ አገሩ አበደ፣ ወደ 100,000 ሰው ቤቱን ጥሎ ተነሳ ይባላል። ደህና ደህናውን መሬት እዛው አካባቢ የነበሩት ቀድመው ይዘውት ጨርሰዋል እኮ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

የካናዳ ፖሊስ ደሞ አናቱ ላይ ቆሞ የአመት ስንቅ ያልያዘ ወደ ኋላ አለ፣ ከነእቃው አንድ ቶን ገደማ። ፈረስ ያንን ዳገት አይወጣውም፣ እና ሰውየው የቻለውን ያህል ተሸክሞ ይወጣል፣ ያራግፋል፣ በቂጡ ተንሸራቶ ይወርዳል፣ እንደገና ይሰለፋል፣ እንዲህ እያለ 30 ጊዜ ምናምን። ትንሽ ልረፍ ብሎ ከሰልፉ ከወጣ ማን መልሶ ያስገባዋል፣ የታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ይገባዋል። በረዶው ላይ ደረጃ የቀረፁት ብልጦች ደግሞ የመርገጫ ያስከፍሉ ነበር።

ፎቶ አንሺው ኤሪክ ሄግ ይባላል፣ ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ፎቶ ቤት የነበረው ሰውዬ ነው። ሁሉም አካፋ ይዞ ሲሮጥ እሱ ካሜራና መስታወት ይዞ ሄደ፣ በዛ ጊዜ ፎቶ የሚነሳው መስታወት ላይ ነዋ። እናቴ ስድስት ብርጭቆ ከመርካቶ ይዛ ስትመጣ ታክሲ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ "ቀስ በሉ!" እየተባለ ነው የሚደርሰው፣ የዚህ ሰውዬ መስታወት ግን ተራራና ወንዝ ተሻግሯል። ጭራሽ እቃው የተጫነበትን የበረዶ ተንሸራታች የሚጎትቱለት ፍየሎች ናቸው፣ ቀልዴን አይደለም፣ ፍየሎቹም ፎቶ አላቸው። ማጠቢያ ኬሚካሉ ደሞ እንዳይረጋበት ማሞቅ ነበረበት።

ዳውሰን ሲገባ ከተማዋ በአንድ ክረምት ጢም ብላለች፣ ወደ 30,000 ሰው የሚገምቱ አሉ። ከዛ ዘመን ፎቶዎች በጣም የምወደው የዋናውን መንገድ ነው፣ ጭቃ፣ ድንኳን፣ የሳንቃ ቤት፣ ደሞ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ሁሉ መንገድ ላይ ተገትሯል። እኔ ለፎቶ የቆሙ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የቆሙት የሚሰሩት ስላጡ ነው! ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ ያን ሁሉ ወንዝ ቀዝፈው፣ ደርሰው ወዲያ ወዲህ ማለት። ከነሱ አንዱ ፎቶውን ገዝቶ "የወርቁ ከተማ ገብቻለሁ" ብሎ ለእናቱ እንደላከ እጠረጥራለሁ፣ ምን ያድርግ። የኛ አባቶችስ ፎቶ ቤት ገብተው ከምንም ያልተገናኘ ስልክ ጆሯቸው ላይ ደቅነው ይነሱ የለ? የተሳለ ፏፏቴ ስር፣ በሰው ኮት!

በ1899 ደሞ ኖም የሚባል ቦታ ወርቅ ተገኘ ሲባል ሰዉ ግር ብሎ ወጣ፣ ሄግም ወደዛው። ብዙ መስታወት ዳውሰን ቀረ።

ከብዙ አመት በኋላ አንዲት የከተማው ሴት የቤቷ ግድግዳ ውስጥ የተደረደረ መስታወት አገኘች ይባላል። ምስል አለበት፣ ምስሉ ግን ፀሀይ ይጋርዳል፣ እሷ ደሞ የፈለገችው የአትክልት ማብቀያ ቤት መስሪያ ነው፣ እና "ይሄ ነገር በምን ይፋቃል?" ብላ ጠየቀች። ጥሩነቱ የጠየቀችው ሰው ነገሩ ገብቶት ንፁህ መስታወት ለወጠላት።

ይሄን ሲሰማ ሴትዮዋ ላይ የሚስቅ አለ፣ እኔ አልስቅም። ታህሳስ ላይ ፀሀይ አራት ሰአት ብቻ ብቅ ብላ በምትገባበት አገር እኔም ብሆን አያቴን ፍቄ ቲማቲም ሳልተክል አልቀርም።