የስኳር ሕመምተኛ እግር በሙቅ የጨው ውሃ አይዘፈዘፍም

ወንድሜ፣ «እናቴ ስኳር አለባት፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሯ ስትመላለስ ውላ እግሯ ሲደነዝዛት ማታ በሙቅ የጨው ውሃ እዘፈዝፍላታለሁ፤ እናንተም ሞክሩት» ሲሉ የሰጡት ምክር ከልብ የመነጨ መሆኑን ባምንም፣ እርማት ያስፈልገዋል። ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ስለሚጎዳ፣ ሕመምተኛው ውሃው እያቃጠለው እንኳ ላይሰማው ይችላል፤ መዘፍዘፉም ቆዳውን አድርቆ ስለሚሰነጥቀው ለጀርም በር ይከፍታል። ደም ወደ እግሩ በደንብ በማይደርስለት ሰው ላይ ደግሞ እንዲህ ያለች ትንሽ ቁስል እግርን እስከ ማስቆረጥ ልታደርስ ትችላለች፤ ዝም ማለት ያልቻልኩትም ስለዚሁ ነው።

ለእናትዎ የሚበጃቸው፣ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ ባልበለጠና እርስዎ አስቀድመው በክርንዎ በሞከሩት ውሃ እግራቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በጣቶቻቸው መካከል ያለውን እርጥበት በለስላሳ ፎጣ ማድረቅ ነው። ቫዝሊን ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ እንጂ በጣቶች መካከል አይቀባም፤ እርጥበት በዚያ ሲታፈን ፈንገስ ያመጣልና። በክረምት ካልሲያቸው ከራሰ ወዲያውኑ ይቀየር። ውስጥ እግራቸውን ማታ ማታ ይዩላቸው፤ ባያማቸውም እንኳ ቁስል ካገኙ በማግስቱ ሳይሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው።